እማ፣ አንቺ ቁጭ በይ

ፀሐይዋም አልጠልቅ አለች፣ ተስፋለምም አልተኛ አለ። በዚህ አገር ሰኔ ሲገባ ከሌሊት የሚተርፈው ስሙ ብቻ ነው፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ቢሰቅልም ብርሃኑ በዳር በዳሩ እየሾለከ ይገባል፣ የእጅ ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ነው ይላል፣ ግድግዳው ነግቷል ይላል፣ ሰው ማንን ይመን? ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ፣ ሲመሽ የሚጨልም ሲነጋ የሚበራ አገር የለመደ ሰው፣ እዚህ ስዊድን ሰሜን ጫፍ መጥቶ በአርባ ስድስት ዓመቱ እንደ አራስ ልጅ ቀንና ሌሊት ተምታቶበታል። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ዛሬ እንቅልፍ የነሳችው ፀሐይዋ አይደለችም፣ ሉሊ ናት። ታናሽ እህቱ ሉሊ ማታ ደውላ ነበር። ሉሊ ስትደውል አንድ ነገር አለ ማለት ነው፣ ሰላምታዋ ራሱ ክስ ይመስላል። «ተስፍሽ፣ ደህና ነህ? እኛ ደህና አይደለንም። እማ ውኃ እየተሸከመች ነው» አለችው። የምን ውኃ አላት፣ የምን ውኃ ይለኛል እንዴ፣ የጀሪካን ውኃ ነዋ! ከምድር ቤቱ ቧንቧ እስከ ሦስተኛ ፎቅ፣ በዚያ ባበጠ ጉልበቷ፣ ሰው ሳይነሳ ጎህ ሲቀድ፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ እኔ አጠገቧ ተኝቼ ሳንኮራፋ። ለማን ነው የምትሸከመው? ለእትዬ አጸደ። እትዬ አጸደ የካዛንቺስ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ እሳቸውም እንደ እማ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ እማ አራተኛ ፎቅ እሳቸው ሦስተኛ፣ አሁን ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። ውኃው ደግሞ ከምድር ቤት በላይ መውጣቱን ከተወ ቆይቷል፣ እሱም የሚመጣው ሊነጋ ሲል ነው። «ነገ ውኃው ሳይመጣ ደውልና ተይ በላት» አለች ሉሊ፤ «አንተን ብቻ ነው የምትሰማው።»

ይኸው ነው ነገሩ። አንዲት የሰባ አራት ዓመት ሴት፣ ወይዘሮ ዘውዲ፣ ጀሪካን ታንሳ ወይስ አታንሳ። ይህን የሚወስነው ከእሷ እዚህ ድረስ ርቆ የተቀመጠ ልጇ ነው፣ ለመወሰን ያለው ጊዜ ደግሞ እስከ ንጋት ነው። አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይቀድመዋል፤ እዚያ አሥራ አንድ ሲሆን እዚህ አሥር ይሆናል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይደውላል፣ «እማ፣ ተይ» ይላል፣ አለቀ። ሉሊ መቼም ክርክር አታጣም። «ልጇ ፈረንጅ አገር ዶክተር ነው፣ እሷ ጀሪካን ትሸከማለች፣ እንዲህ ነው የሚሉን። አንዳንዱማ በክፍያ ነው እያለ ነው። ማለቴ፣ ከቢሮ ወጥቼ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንኳ እንዴት ናት እናትሽ፣ ጉልበቷ ተሻላት አሉ፣ እያሉ ያሽሟጥጡኛል፣ በቃ ጉድ ሆነናል።» ይህን እሱ ሳቅ ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ዶክተርነቱም ቢሆን የላብራቶሪ አይጥ ነው። ቀጥላ ያለችውን ግን ማለፍ አቃተው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሱም ይቅር። ክረምት ገብቷል፣ ደረጃው ርሷል። ብትወድቅስ? ለአንተ የሚደርስህ መርዶ ነው፣ የማነሳት እኔ ነኝ» አለች። ልክ ናት። ሉሊ ልክ ስትሆን ነው የምታናድደው። ከዚያ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ እንደ ማመንታት ብላ፣ «ደግሞ አልዋሽህም፣ እግሯ እብጠቱ ቀንሷል። መድኃኒቱ ይሆናላ» አለች። መድኃኒቱ ይሆናል አላት እሱም። ያልሆነ ነገር እንደተናገረ አፉ ያውቀዋል።

ተነሳና ክፍሉ ውስጥ ይንጎራደዳል። በካልሲ ነው የሚንጎራደደው፤ ከሥሩ የሚኖረው ጎረቤት፣ መልኩን አይቶት የማያውቀው ጎረቤት፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎበት ነበር። በትሕትና የተጻፈ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ኮቴ ይሰማል፣ ብትቀመጡ ደስ ይለናል፣ ከሰላምታ ጋር፣ ይላል፣ ስም የለውም። እዚህ አገር ሰው የሚቆጣው በወረቀት ነው። ልብስ ማጠቢያው በቀጠሮ ነው፣ ባንኩ ቁጥር ቆርጦ በመጠበቅ ነው፣ ሐኪም ቤት ስትደውል ማሽን ያነሳና ከቀኑ በስንት ሰዓት መልሶ እንደሚደውልልህ ይነግርሃል፣ በነገረህ ሰዓት ይደውላል፣ አንተ ግን ያኔ ምን እንደሚያምህ ረስተኸዋል። ክፉ ሕዝብ አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ፣ ሥርዓቱ አንድም ቀን በድሎት አያውቅም፣ አንድም ቀን እንዴት አደርክ ብሎትም አያውቅም። ብትቀመጡ ደስ ይለናል። እሱም አንድ ቀን እንዲሁ ብሎ ነበር፣ በወረቀት ሳይሆን በአፉ፣ በሰው ፊት። የዚያን ቀን ቤት ምረቃ ነው፣ እማ የካዛንቺሱን የቀበሌ ቤት ለቃ ኮንዶሚኒየሙ የገባች ሰሞን ነው፣ እሱም በዚህ ሁሉ ዓመት ለአንድ ጊዜ ብቻ አገሩን የረገጠው ያኔ ነው፤ ጎረቤቱ ቤቱን ሞልቶታል፣ እማ ለእንግዳ የሚሆን ውኃ ከታች ይዛ በበሩ ብቅ ትላለች፣ አራት ፎቅ ወጥታ ትንፋሿ እንኳ አልተዛባም። ይነሳና ጀሪካኑን ከእጇ ይነጥቃል። ተቀበላት አይባልም፣ ነጠቃት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ እናቴ አንዲት ነገር አታነሳም! እማ፣ አንቺ ቁጭ በይ!» ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እንዲህ ያለ ልጅ ይባርክ፣ የወለድሽው ይለምልም፣ እናቱን ቁጭ አድርጎ የሚጦር ልጅ ይስጠን አሉ። ከሁሉም በላይ እልል ያሉት እትዬ አጸደ ናቸው፣ ያኔ ዳሌያቸው ደህና ነበር። በማግስቱ ወንበር ገዛላት፣ ባለ ክንድ፣ ቀይ ቬልቬት፣ ጳጳስ የሚቀመጥበት የሚመስል፣ ኩሊዎቹ በየፎቁ እየተራገሙ ነው ያወጡት። እማ ተቀመጠችበት። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ግን ጠፋት፣ መጀመሪያ ጉልበቷ ላይ፣ ከዚያ ክንዱ ላይ፣ ከዚያ ተመልሳ ጉልበቷ ላይ አደረገቻቸው። እሱ ፎቶ አነሳት። ፎቶው አሁንም ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።

ያቺ ሴት እኮ ቁጭ ብላ አታውቅም። ካዛንቺስ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ ተላላኪ ነበረች፤ ፋይሉን በቦርሳ አድርጋ በእስጢፋኖስ ወርዳ፣ ለገሃርን አልፋ፣ ሜክሲኮ ያለው ቅርንጫፍ አድርሳ፣ መልሱን ይዛ በእግሯ ትመለሳለች፣ ሳትቀመጥ ሌላ ፋይል ይሰጧታል። በየቢሮው በር ላይ ቆማ የምትለው አንድ ቃል ነው፤ «ልከውኝ ነው።» ማን እንደላካት ይጠይቋታል እንጂ ማን እንደሆነች ጠይቋት የሚያውቅ የለም፣ እሷም ቅር ብሏት አያውቅም። ተስፋለም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ አንዳንድ ቀን ለገሃር ላይ ያገኛታል፣ ቦርሳውን ልያዝልሽ ይላታል፣ «የመንግሥት ነው፣ አይያዝም» ትለዋለች፣ አብሯት ይሄዳል፣ ይሄዳል ማለት ከኋላ ከኋላዋ ይሮጣል፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ አይደርስባትም። ጡረታ ከወጣችም በኋላ ላንቻ ያለች እህቷን ልትጠይቅ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለስ ነበር። አሁን ደግሞ፣ ከወንበሩ በኋላ፣ መጀመሪያ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ አለ። ከዚያ ጉልበቷ አበጠ፣ ከዚያ ድካም መጣ፣ የምን ድካም እንደሆነ የማይታወቅ፣ ከወንበር ወደ አልጋ የሚወስድ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚመልስ ድካም። ሉሊ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፣ የምርመራውን ውጤት በስልክ አንብባ ሰጠችው፣ ደሟ ውስጥ ኢንፌክሽን የለም፣ የብግነት፣ የሰውነት መቆጣት ማለት ነው፣ መለኪያው ግን ከፍ ያለ ነው። ሐኪሙ ዕድሜ ነው ብሏል አለች። ተስፋለም ይህን ሲሰማ ላብራቶሪ ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ነጭ ጋውኑን ለብሶ። ወዲያው ነው የገባው። ምንም አልተናገረም።

የሚሠራውን ለእማ ያስረዳት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አንድ እሁድ፣ ስልክ ላይ ወሬ አልቆባቸው። እሁድ እሁድ ይደውልላታል፤ እማ ስልክ ማንሳት እንጂ መዝጋት አልተማረችም፣ ሁልጊዜ የሚዘጋው እሱ ነው፣ አንዳንዴ ቻው ተባብለው ሳይዘጋ ይቆይና የቤቱን ድምፅ ያዳምጣል፣ የሬዲዮኑን፣ የሉሊን ጭቅጭቅ፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ። የዚያን እሁድ «ለመሆኑ እዚያ የምትሠራው ምንድነው ወደይ?» አለችው። ከልጅነቱ ጀምሮ በትግርኛዋ ወደይ ነው የምትለው፣ ልጄ ማለቷ ነው። በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፣ የምንበላውን ጉልበት የሚያደርጉት እነሱ ናቸው አላት። ከጥንት ከጥንት ባክቴሪያ ነበሩ፣ ሕዋሱ ውስጥ ገቡ፣ በዚያው ቀሩ።

«እንደ ደባል?» አለች። የቀበሌ ቤት የኖረ ሰው ደባል ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

«እንደ ደባል፣ አዎ። ኪራዩን በጉልበት የሚከፍል ደባል። ደግሞ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሱት።»

«ከእናት ብቻ? እና አንተ ውስጥ ያሉት የኔ ናቸዋ!»

«ያንቺ ናቸው።»

«አባትህስ?»

«በዚህ በኩል አባዬ ምንም የለውም።»

እማ ሳቀች፣ ሳቋን ማቆም አቃታት። «ነፍሱን ይማረውና አባትህ አረጋዊ ይህን ሳይሰማ ሞተ!» አለች። በዚያ ሳምንት ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ በኔ ጉልበት ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ሳይንስ ነው ያለው፣ እያለች አወራች አሉ። ይህን ሲያስብ ተስፋለም አሁንም ፈገግ ይላል፣ በካልሲው ቆሞ፣ በዚያ እብድ ብርሃን ውስጥ።

ያልነገራት የቀረውን ነው። ደባሉም ያረጃል። ጤነኛ ሕዋስ ያረጀውን እየለየ ያፈርሳል፣ በምትኩ አዲስ ያስገባል፣ ይህን የሚያደርገው ግን ሥራ ሲበዛበት ነው፤ ጡንቻ ጉልበት ሲጠየቅ ቤቱን ይጠርጋል፣ ካልተጠየቀ ለማን ብሎ ይጠርጋል? ያረጀው ሲከማች ግድግዳው ይቀደዳል፣ ዕቃው ወደ ግቢው ይዘረገፋል፣ ዕቃው ማለት የራሱ ዲኤንኤ ነው፣ ያ ደግሞ የባክቴሪያ ይመስላል፣ የሕዋሱ ዘበኛ ያንን ሲያይ ሌባ ገባ ብሎ ይጮኻል። ስንት ዘመን አብሮት የኖረውን ደባል አያውቀውም። ሌባ የለም፣ ጩኸቱ ግን አለ፣ ቀን ከሌት አለ፣ ሰውን አልጋ ላይ አይጥል፣ ጨርሶም አይተወው፣ ጉልበት ይቆጣል፣ ጣት ይቆጣል፣ ደም ሥር ይቆጣል፣ ልብ ይደክማል። መጽሐፉ ሥር የሰደደ ብግነት ይለዋል። እማ ቁርጥማት ትለዋለች። ላብራቶሪው ውስጥ ያረጁ አይጦች አሉ፣ ግማሾቹ የሚሮጡበት መሽከርከሪያ አላቸው፣ ግማሾቹ የላቸውም፣ የሌላቸው በወግ ይበላሉ በወግ ይቀመጣሉ፣ ማንም አያስቸግራቸውም፣ ይጦራሉ በለው። ከዚያ የጭናቸውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ያየዋል፣ የሯጮቹ ንጹሕ ነው፣ የተጧሪዎቹ ያበጠና የተቀደደ ነው፣ ዘበኛው እየጮኸ ነው። መሽከርከሪያውን ከሣጥኑ የሚያወጣው ማነው? እሱ ነው፣ በገዛ እጁ፣ ሰኞ ሰኞ፣ አዲስ ተጧሪዎች ሲመደቡ። መሽከርከሪያውን ሲነጥቃቸው አይጧ ተከትላ አፏን ወደ እጁ ታነሳለች፣ እማም በሩ ላይ እንዲሁ ነበር ያየችው፣ ጀሪካኑ ሄዶ እጇ እንደተዘረጋ ቀርቶ፣ እልልታው ይቀልጣል፣ እሷም የሰው ደስታ እንዳይበላሽ ብላ ትስቃለች።

አይጥ ግን እናት አይደለችም። ይህንንም ያውቃል፣ ራሱን እንደ ጠበቃ ይሟገተዋል። አይጧ የምትሮጠው ደረቅ መሬት ላይ ነው፣ ሰባ አራት ዓመት የሠራ ጉልበት የላትም፣ ክረምት አያንሸራትታትም። እብጠቱ የቀነሰው በእርግጥ በመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ሁለት ወር ውኃ መሸከም ምንም አያረጋግጥም፣ አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም፣ አለቃው እንዲህ ያለ ነገር ብታቀርብለት በትሕትና ይስቅብሃል። እንግዲያው ተይ ይበላት! ለጥንቃቄ ብሎ፣ ለሉሊ ብሎ፣ ለደረጃው ብሎ ተይ ይበላት፣ ማን ይፈርድበታል? ምርመራው ከተነበበለት በኋላ ስንት እሁድ ደውሏል፣ ስንት እሁድ «እረፍት አድርጊ እማ» ብሏል፣ ጉዳዩን እያወቀ፣ አይጡን እያየ፣ ቀስ ብለሽ እስከ ታች ውረጂና ተመለሺ ማለት ምን ይከብዳል? አንድ አረፍተ ነገር ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ መንጎራደዱን ያቆማል። ምክንያቱን ያውቀዋል፣ ከሚያውቀው ነገር ሁሉ የሚጠላው እሱን ነው። እሷ ቁጭ ካለች እሱ የሄደው ለዚህ ነው ማለት ነው። የአባቱን ቀብር ያልቆመው፣ የሉሊን ሠርግ በቪዲዮ ያየው፣ ሚስት ሳያገባ ልጅ ሳይወልድ ከአይጥ ጋር ጠጉሩ የሸበተው ለዚህ ነው፣ እናቴ ቁጭ ብላለች፣ ሰው ሲጠይቀው እናቴ ቁጭ ብላለች ይላል፣ ደረቱ ይሞላል። ከወንበሩ ከተነሳች እሱ ምን ሠራ ይባላል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ ነበር ካዛንቺስ፣ በእሱ ግን የባሰ ነው፣ የጣለውን እያየ አላነሳም ብሏል። አፈረ። ለብቻው፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ፊቱ እስኪግል ድረስ አፈረ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ደወለ። ገና አንዴ እንደጠራ ተነሳ።

«ወደይ! ደህና ነህ? በዚህ ሰዓት!»

«ደህና ነኝ እማ። ሰላም አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዝናቡ ሲያካፋ ነው ያደረው። እህትህ ከጎኔ ናት። በሩን ቆልፋ ቁልፉን በእጇ ይዛ ተገትራለች፣ ወኅኒ ቤት ነው የመሰልነው።»

«ንገራት ተስፍሽ!» ይላል የሉሊ ድምፅ ከኋላ።

«አትድከም፣ ለምን እንደደወልክ ገብቶኛል» አለች እማ። ድምፅዋ የተቆጣ አይደለም፣ ያለቀሰ አይደለም፣ ፋይል የምታስረክብ ትመስላለች። «ትቼዋለሁ። ልጄ በኔ ከሚያፍር እኔ ልቀመጥ። ለአጸደ ብቻ ሰው ፈልጉላት፣ በጥም ትሞትብናለች፣ እሷ ደግሞ ስጡኝ አትልም።»

ይኸው፣ ሳይለፋ ተፈጸመለት። እሺ እማ፣ ጎበዝ፣ ተባረኪ፣ ብሎ መዝጋት ነው፣ ሉሊ ደስ ይላታል፣ ጎረቤት ዝም ይላል፣ ፎቶው ማቀዝቀዣው ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል። «እረፍት አድርጊ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነው፣ ስንት ዓመት የለመደው ቃል ነው፣ ሳያስበው ሊወጣ ነው።

«እማ፣ ተነሺ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ተነሺ። ውረጂ እያልኩሽ ነው። ሙሉ ጀሪካን ግን አይደለም፣ ግማሽ። የደረጃውን ብረት በአንድ እጅሽ ይዘሽ። በየፎቁ እያረፍሽ። ሳትቸኩዪ።»

«አብደሃል እንዴ!» ሉሊ ስልኩን ልትነጥቃት ስትታገል ይሰማል። «ተስፍሽ ምን ነካህ? ሰው ምን ይለናል?»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ በያቸው። ሉሊዬ፣ ከኋላዋ ውረጂ፣ ብትንሸራተት የምትይዣት አንቺ ነሽ፣ ትክክል ነሽ፣ እኔ የለሁም። ግን አትከልክያት።» ከዚያ እንዲህ አለ፣ እንዳይመለስበት ቶሎ ቶሎ። «እማ፣ ያሳመመሽ መቀመጡ ይመስለኛል። ዕድሜሽ ብቻ አይደለም። እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ግን ይመስለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የመሰለህ?»

«ምርመራሽን ሉሊ ካነበበችልኝ ጀምሮ።»

ዝናቡ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«እና እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«ለራሴ ብዬ ነው» አለ። ሌላ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር፣ አልመጣለትም። «አንቺ ቁጭ ካልሽ እኔ የሄድኩት በከንቱ አይደለም እል ነበር። ይቅር በዪኝ።»

እማ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ድምፅ አሰማች።

«እኔ እኮ የተቀመጥኩት ላንተ ብዬ ነው» አለች። «ልጄ ደስ ይበለው ብዬ። ወንበሩን አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም፣ ይኮሰኩሰኛል።» ድምፅዋ ከስልኩ ራቅ አለ። «ሉሊ፣ ቁልፉን አምጪ!»

ስልኩን አልዘጋችውም፣ መቼ ተምራው! ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው መሰለው፣ ድምፁ ታፈነ፣ ጨርቅ ይፋተጋል። ተስፋለም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ተነሳ። ቁልፍ ይዞራል፣ በር ይከፈታል፣ ባዶ ጀሪካን የደረጃ ብረት እየመታ ይወርዳል፣ ከኋላ ደግሞ የሉሊ ነጠላ ጫማ ጠፍ ጠፍ ይላል፣ ሉሊ እያጉረመረመች ነው፣ ለዚህ ለዚህስ ባልነገርኩት፣ እሱ እዚያ ሆኖ መናገር ምን ያቅተዋል። ከሥር የቧንቧ ድምፅ መጣ፣ የግቢው ጥበቃ የዳባም ድምፅ መጣ። «እማማ ዘውዲ! ዛሬስ አረፈዱ፣ አሟቸው ይሆን እያልኩ ነበር።» እማም «ግማሹን ብቻ ሙላልኝ ዳባ፣ ከስዊድን ትእዛዝ መጥቶብኛል» አለችው፣ ዳባ ሳቀ። ተስፋለም በካልሲው መራመድ ጀምሯል፣ ራሱ አላወቀም። እሷ ስትረግጥ እሱም ይረግጣል፣ እሷ ስታርፍ እሱም ይቆማል። አንደኛ ፎቅ። ጀሪካኑ መሬት ይነካል፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ይነሳል። «አምጪ እኔ ልያዘው» ትላለች ሉሊ፣ «ወጊጅ ከፊቴ!» ትላለች እማ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካኑ ሲቀመጥ ጠንከር ብሎ ነው፣ ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ሉሊ አትናገርም፣ ዝናቡ ብቻ ነው ያለው። ተስፋለም ክፍሉ መሐል ቆሟል፣ ምን አደረግኩ ይላል፣ አሁን ብትወድቅ የገደልኳት እኔ ነኝ፣ አፌ ነው። «እማ» አለ በቀስታ፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ደግሞ አይሰማም። ከሥሩ ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በአንድ ነገር ሁለት ጊዜ መታ፣ እሱም አልሰማውም። ከዚያ የውኃው መንቦጫረቅ መጣ፣ ጀሪካኑ ከመሬት ተነስቷል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ተገፍቶ ተከፈተ። ከውስጥ፣ ከአልጋ ላይ፣ የእትዬ አጸደ ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዘውዲ? ልጆቿ ከለከሏት አላሉም እንዴ? አንቺ ሴትዮ፣ ኧረ ለራስሽ እወቂ!»

«ልከውኝ ነው» አለች እማ፣ እያለከለከች።

«ማን ነው የላከሽ ደግሞ?»

«ልጄ።»